ወፍ ያረፈበት የሴቭር ሰሃን

በ18ኛው መቶ ዘመን በእጅ ወፍ ከተሳለባቸው የአውሮፓ ፖርሴሊኖች መካከል መጽሐፍ ወደ መሆን የተጠጉት በፓሪስ አጠገብ፣ በሴቭር የንጉሥ ፋብሪካ የተሠሩት ሰሃኖች ናቸው። በ1780ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጡት የፍራፍሬና የጣፋጭ ሰሃኖች መሀላቸው ላይ አንድ ወፍ ይዘዋል፤ ወደ ጎን ዞሮ፣ ቅርንጫፍ ወይም ጉብታ ላይ ቆሞ። ፍራፍሬው ተበልቶ ሲያልቅ ወፉ ብቅ ይላል። ስሙን ማወቅ የፈለገ ግን ሰሃኑን መገልበጥ አለበት፤ በቀጭን የእጅ ጽሑፍ የተጻፈው ከጀርባው ነው።

ፖርሴሊን ለአውሮፓ ረጅም ጊዜ ምስጢር ሆኖ ቆይቷል። ቻይናዎች ለዘመናት ሲሠሩት የኖሩትን ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ዕቃ (አማርኛው «ሲኒ» ራሱ በዐረብኛ «የቻይና» ከሚለው ቃል የመጣ ነው) ጀርመኖች የደረሱበት በ1708 ገደማ ነው። የደረሰበትም ወርቅ ሥራ ተብሎ በሳክሶኒው ገዢ የታሰረ ቦትገር የተባለ አልኬሚስት ሲሆን፣ በ1710 ማይሰን ላይ ፋብሪካ ተከፈተ። ቁልፉ ካዎሊን የሚባለው ነጭ አፈርና ከ1300 ዲግሪ በላይ የሚደርስ እሳት ነበር። ፈረንሳዮች በሊሞዥ አካባቢ ካዎሊን እስኪገኝ፣ ማለትም እስከ 1768 ድረስ፣ ያለ እሱ ለስለስ ያለ ፖርሴሊን ይሠሩ ነበር። ካገኙም በኋላ ለስላሳውን ወዲያው አልተዉትም፤ ለሠዓሊ የተመቸ ነዋ! ቀለሙ ከላይ ተለጥፎ አይቀርም፣ ከሚያብረቀርቀው የላይ ልባስ ጋር ቀልጦ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የሴቭር ወፎች ላባ ገና ያልደረቀ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ቀደም ሲል በፖርሴሊን ላይ የሚሳሉት ወፎች አብዛኞቹ በዓለም የሌሉ ነበሩ። ሠዓሊው ደስ ያለውን ጭራ ደስ ካለው ክንፍ ጋር ያዋህዳል። ይህን ልማድ የለወጠው የተፈጥሮ ተመራማሪው ቡፎን ነው። ስለ ወፎች የጻፋቸው ዘጠኝ ቅጾች ከ1770 እስከ 1783 የታተሙ ሲሆን፣ አብረዋቸው የወጡት የሠዓሊው የማርቲኔ ባለቀለም የወፍ ሥዕሎች 973 ናቸው። የሴቭር ሠዓሊዎች እነዚህን ሥዕሎች አጠገባቸው አስቀምጠው ይገለብጡ ጀመር። ቡፎን ሰሃኖቹን የመጽሐፉ «የሴቭር እትም» ይላቸው ነበር ይባላል። ነገር ግን ማርቲኔ ብዙዎቹን ወፎች ያያቸው ሞተው ቆዳቸው ከተሞላ በኋላ ነው። ስለዚህ በሰሃኑ ላይ አንዳንዱ ወፍ አንገቱ ተገትሮ፣ እግሩ እንጨት መስሎ ቢታይ ጥፋቱ የሴቭር ሠዓሊ አይደለም።

ከ973ቱ መካከል የኢትዮጵያም ወፎች አሉ። አንዱ በመጽሐፉ «የአቢሲንያ» ተብሎ የተጠራው እርኩም ነው፤ የላቲን ስሙም ዛሬ ድረስ አቢሲንያን አልለቀቀም። ከጎንደር ተመልሶ በ1773 ፓሪስ የገባው ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ይዟቸው የመጣቸውን ሥዕሎች ለቡፎን አሳይቶት ነበር፤ ቡፎንም በመጽሐፉ አመስግኖታል።

ሰሃን ላይ የሚሳል አንድ ወፍ በአንድ ቀን አያልቅም። ቀለሞቹ ከማዕድን የሚገኙ ናቸው፤ ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከመዳብ፣ ቀዩ ከብረት፣ ሐምራዊውና ሮዙ ከወርቅ። ዱቄታቸው ከመስታወት ዱቄት ጋር ይደባለቅና በተርፐንታይን ዘይት ቀጥኖ በብሩሽ ይቀባል። ችግሩ ብሩሹ ላይ ያለው ቀለም ከእሳት በኋላ ከሚወጣው ጋር አለመመሳሰሉ ነው። ሠዓሊው ደብዛዛውን እየቀባ ደማቁን በሐሳቡ ማየት አለበት። ሰሃኑ ከ700 እስከ 900 ዲግሪ በሚደርስ እቶን ይገባል፣ ይወጣል፣ ይደገማል። የጠርዙ ወርቅ ከእቶን ሲወጣ ፈዛዛ ስለሆነ በጠንካራ ድንጋይ ይታሻል። ማይሰን ላይ ደግሞ በእሳት ነጥብ ወይም ስንጥር የወጣበት ሰሃን ሲያጋጥም ጉድለቱ ላይ ትንኝ ወይም ቢራቢሮ መሳል የተለመደ ነበር።

የሴቭር ሰሃን ዕድሜ የሚነበበውም ከጀርባው ነው። ሁለት የተጠላለፉ «ኤል» ፊደላት የንጉሥ ሉዊ ምልክት ናቸው፤ ከ1753 ጀምሮ ዓመቱን የሚያመለክት ፊደል ታክሎባቸዋል። ነጠላዎቹ ፊደላት በ1777 ሲያልቁ ከ1778 ጀምሮ እየተደረቡ ሄዱ፤ ድርብ «ኢ» ያለበት ሰሃን የ1782 ነው። ሠዓሊውና ወርቅ ቀቢውም የየራሳቸው ትንሽ ምልክት አላቸው።

ይሁን እንጂ ምልክት ብቻውን አይታመንም። በ1800 የፋብሪካው ኃላፊ የሆነው ብሮንያር የተከማቹትን ነጭ ሰሃኖች በብዛት ሸጧል፤ ገዢዎቹም በውጭ ወፍና አበባ እየሳሉ በከፍተኛ ዋጋ አወጧቸው። ሰሃኑ እውነተኛ፣ ሥዕሉ ግን የኋላ ዘመን ሆነ። ከዚህ የባሰው ቀላል አበባ የነበረበትን ሰሃን በአሲድ ፍቆ አዲስ ሥዕል መሳል ነው። እንዲህ ያለው ሰሃን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲደረግ የቀድሞው አበባ ጥላ አንዳንዴ ከአዲሱ ወፍ ሥር ይታያል፤ ዳግም እሳት የነካው ልባስም ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ያወጣል።