ዳማን ይዤ ወደ ሰሜን

ሚኒሶታ ውስጥ ካለችው ከሴንት ፖል ተነስቶ በ35 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያየው ሜዳና የጥድ ደን ብቻ ነው። ከዚያ መንገዱ ሳይታሰብ ከኮረብታ አፋፍ ያወጣዋል። ከታች የዱሉዝ ከተማ ተዳፋቱን ይዛ ወርዳለች፤ ከእሷ ወዲያ ያለው ሁሉ ሱፒርየር ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ82,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው፤ የኛ ጣና ሃያ ጊዜ ቢገባበት ገና ቦታ ይተርፈዋል። በብርዱ ወራት ዳርቻው በረዶ ጋግሮ መሃሉ እንፋሎት ይተፋል። እኔ ይህን አገር ከልቤ ወድጄዋለሁ። መንገዱን ያሳየችኝ ውሻዬ ናት።

ዳማ ትባላለች። የሳይቤሪያ ሃስኪ ናት፤ ጀርባዋ ቀይ ዳማ፣ ሆዷና እግሮቿ ነጭ፣ አንዱ ዓይኗ ሰማያዊ፣ ሌላው ቡናማ። ለዚህ ቀለሟ የፈረስ ስም ተስማምቷታል። በምኖርበት ሕንፃ ያሉ አንዲት እናት መጀመሪያ ሲያዩዋት ደንግጠው "ልጄ፣ ይቺ ተኩላ ናት ውሻ?" ብለውኝ ነበር። "ውሻ ናት እማማ፣ አትናከስም" አልኳቸው። አሁን በየጠዋቱ ስሟን እየጠሩ ራሷን ይዳብሷታል።

ሃስኪን በሰፈር ዙሪያ አንሸራሽሮ መመለስ በቂ አይደለም። እነዚህን ውሾች ያራቧቸው በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የሚኖሩት የቹክቺ ሰዎች ናቸው። ያራቧቸውም ቀላል ሸክም እየጎተቱ፣ በመካከለኛ ፍጥነት፣ እጅግ ረጅም መንገድ እንዲሄዱ ነው። ሥራ ያጣ ሃስኪ ግቢ ይቆፍራል፣ አጥር ይዘላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያላዝናል። ስለዚህ ለዳማ የሚሆን ሥራና ዝግጅት ፍለጋ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያየሁት የውሻ ትርኢት ነው። በበረዶው ወራት አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ውሾች በየዘራቸው ተሰልፈው ይዳኛሉ። የሃስኪዎቹ ተራ ሲደርስ ከገመዱ ዳር ሆኜ ዳኛዋን ብቻ ስከተል ዋልኩ። ጥርስ አየች፤ እጇን ከፀጉሩ ሥር አስገብታ ትከሻውን፣ የጎድን አጥንቱን፣ የጭኑን ጡንቻ ዳሰሰች። ከዚያ እያንዳንዱን ውሻ በሶምሶማ እንዲሄድ አድርጋ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ተመለከተችው። ከመልኩ ይልቅ አካሄዱ ይመዘናል። በዘሩ መመዘኛ ደንብ የጢምና የእግር ዙሪያ ፀጉርን ማስተካከል ብቻ ይፈቀዳል፤ ሌላውን የሰውነት ፀጉር መከርከም ክፉኛ ነጥብ ያስቀንሳል። ዓይን ሰማያዊም ይሁን ቡናማ፣ ወይም እንደ ዳማ ሁለቱም፣ አያስወቅስም። ቁመት ግን ቀልድ የለውም፤ ሴቷ ትከሻዋ ላይ ከ56 ሴንቲ ሜትር ከበለጠች ከውድድር ትወጣለች። ይህ ሁሉ ትክክል ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የሚፈለገው የሚሠራ ሰውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በኒው ዮርኩ የዌስትሚንስተር ትርኢት ከሁሉም ዘር አንደኛ የወጣው ሲየራ ሲናር የተባለ ሃስኪ፣ የአንድ ጆሮው ጫፍ የጎደለ ነበር። እስካሁን በዚያ መድረክ ያሸነፈ ሃስኪ እሱ ብቻ ነው።

ዳማ ግን እዚያ መግባት አትችልም። እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ የትርኢቱ ውድድር ደግሞ ለመራባት የሚመረጡ ውሾች የሚታዩበት ነው። እንደ እሷ ላሉት የተከፈተው በር ሌላ ነው። አንደኛው አሥር ፈተናዎች ያሉት የመልካም ጠባይ ምስክር ወረቀት ነው፤ ሌላው በትእዛዝ መሥራት፣ ሌላው መሰናክል ማለፍ። በገመድ የሚሳብ የፕላስቲክ ከረጢት አሳድዶ 91 ሜትር የሚሮጥበት የፍጥነት ውድድርም አለ። ይህኛውን ዳማ በደስታ ሮጣዋለች። ነገር ግን በጥቂት ሴኮንዶች ያልቃል፤ እሷም መጨረሻው ላይ ቆማ "ሌላስ?" በሚል ዓይን ታየኝ ነበር።

ያንን "ሌላ" ያገኘሁት በሚኒያፖሊስ ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ ነው። በከተማዋ የሎፔት የበረዶ በዓል ሰሞን ስኪጆሪንግ የሚባለው ውድድር ሲካሄድ አየሁ። ሰውየው በስኪ ይንሸራተታል፣ ውሻው ከፊት ይጎትታል። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ፣ ለውሻው ደረቱንና ትከሻውን ሳያጨንቅ የሚይዝ ሃርነስ፣ በመካከላቸው ሦስት ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ሲጎተት የሚለጠጥ ገመድ። አደጋ ቢመጣ ገመዱ በአንድ እጅ ቶሎ የሚፈታ መሆን አለበት።

ልምምዱን ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ያለ ስኪ በሩጫ ጀመርን፤ ይህንን ካኒክሮስ ይሉታል። ብዙ ሰው "ውሻዬን እንዳትጎትት ስንት ዓመት አስተምሬ እንዴት አሁን ጎትቺ እላታለሁ?" ይላል። ውሾች ግን ልዩነቱን በፍጥነት ይይዙታል። የአንገት ማሰሪያው ሲታሰር የእግር ጉዞ ነው፤ ሃርነሱ ሲለበስ ሥራ ነው። ዳማ ዛሬ ሃርነሱን ከመስቀያው ሳወርደው ራሷ አንገቷን ታስገባለች። ስሌድ የሚባለውን የበረዶ ጋሪ በውሻ የሚያስጎትቱት ነጂዎች ውሾቻቸውን "ሃይክ" ብለው ያስነሳሉ፣ "ጂ" ብለው ወደ ቀኝ፣ "ሃው" ብለው ወደ ግራ ያዞራሉ። ዳማ የምትሰማው አማርኛ ነው፦ እንሂድ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቁሚ። ከሁሉ የከበዳት "እለፊው" ነው፤ ሽኮኮ ዛፍ ላይ እያለ ዝም ብሎ ማለፍ ለሃስኪ ትልቅ ነገር ነው።

በረዶው ጠንክሮ ሲጋገር በስኪ ወጣን። ለጎታች ውሾች በተፈቀደ መንገድ ላይ ነበርን፤ ሌሎቹ የስኪ መንገዶች ለውሻ ዝግ ናቸው፣ ይህንን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ገመዱ ሲወጠር የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዳማ ጀርባዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ እኔን ሙሉ በሙሉ ጎትታ ሄደች። ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ያወቅኳት ውሻ ሌላ ሆነችብኝ። ተረጋጋች። ግራ ቀኝ መቃኘቷ ቀረ። ያን ቀን ማታ ምግቧን በልታ ሳትጮህ፣ በር ሳትቧጥጥ ተኛች።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ዱሉዝ የሄድነው። በከተማዋ ዳርቻ በየዓመቱ የጆን ቤርግሪስ የውሻ ስሌድ ማራቶን ይነሳል፤ የሐይቁን ሰሜናዊ ዳርቻ ይዞ እስከ ካናዳ ጠረፍ አጠገብ፣ እስከ ግራንድ ፖርቴጅ፣ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለ ስሌድ ውሾች ሲነሳ ብዙዎቻችን የሰማነው የአላስካውን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ኖም ከተማ ውስጥ ዲፍቴሪያ ሲነሳ 20 ነጂዎች መድኃኒቱን እየተቀባበሉ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አደረሱት፤ ባልቶ የተባለው መሪ ውሻ ሐውልቱ ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ቆሟል። የቤርግሪስ ታሪክ ግን ወደ ልቤ ይበልጥ ይቀርባል። ሰውየው የአኒሺናቤ ተወላጅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1879 እስከ 1899 በቱ ሃርበርስና በግራንድ ማሬ መካከል ፖስታ ያመላልስ ነበር፤ በሙቀቱ ወራት በጀልባ፣ በበረዶው ወራት በውሻ። መንገድ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የዳርቻው ሰው ከቀረው ዓለም ጋር የተገናኘው በእሱና በውሾቹ ነው። ወደ 130 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ያን ጉዞ በ28 ሰዓት ጨርሶት እንደሚያውቅ ይነገራል።

ለውድድሩ ዳማን ይዤ አልወጣሁም። ተመልካች ውሻውን ቤት እንዲተው ይጠየቃል፤ የሚሠሩት ውሾች እንዳይረበሹ ነው። ከጓደኛዬ ጋር ማረፊያችን ቀረች። እኔ ሕዝቡ መሃል ገባሁ።

የመነሻውን ድምፅ ገና መኪና ማቆሚያው ጋ ሰማሁት። ከመቶ በላይ ውሾች በአንድነት ይጮሃሉ፣ ያላዝናሉ፣ ወደ ላይ ይዘላሉ፣ ገመዱን ይነክሳሉ። ስሌዱ መሬት ላይ በተተከለ ብረት ታስሯል፤ ረዳቶች ደግሞ እያንዳንዱን ጥንድ ጨብጠው ይዘዋል። እነዚህ ውሾች ዳማን አይመስሉም። አብዛኞቹ የአላስካ ሃስኪ የሚባሉት ናቸው፤ ለፍጥነት ሲባል ከብዙ ዘር የተዳቀሉ፣ ቀጫጭኖች፣ ረጃጅም እግር ያላቸው፣ መልካቸው እርስ በርሱ የማይመሳሰል። በትርኢት አዳራሽ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። እዚህ ግን ሕዝቡ በብርድ ቆሞ የሚጠብቀው እነሱን ነው። ቆጣሪው ወደ ዜሮ ሲወርድ ብረቱ ይነቀላል። በዚያች ቅጽበት ጩኸቱ እንደ ተቆረጠ ያቆማል። ያ ሁሉ ድምፅ ወደ እግር ይገባል፤ የሚሰማው ትንፋሽና የስሌዱ መንሸራተት ብቻ ነው። አንዱ ቡድን ሄዶ ቀጣዩ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ያው ጩኸት፣ ያው ጸጥታ። እንባዬ መጣ። ዳማ ዊርዝ ፓርክ ውስጥ የተረጋጋችበት ምክንያት እዚህ ገባኝ፤ ለእነዚህ እንስሳት ዕረፍት ማለት መሥራት ነው።

ሌሊቱን መንገድ ላይ ካሉት ማረፊያ ጣቢያዎች አንዱ ጋ ቆየሁ። ነጂዎቹ ለራሳቸው ሳይቀመጡ መጀመሪያ ለውሾቹ ድርቆሽ ያነጥፋሉ፣ የእግር ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ትኩስ ሾርባና ሥጋ ያቀርባሉ። በእንዲህ ያለ ረጅም ውድድር አንድ ውሻ በቀን ወደ 10,000 ካሎሪ ያቃጥላል። የእንስሳት ሐኪሞች እየዞሩ ልብ ያዳምጣሉ፣ መገጣጠሚያ ያጥፋሉ፤ የደከመ ውሻ እዚያው ይቀራል።

እንደ ዳማ ያሉ ንጹህ የሳይቤሪያ ሃስኪዎች ያሏቸውን አንድ ሽማግሌ ነጂ አነጋገርኳቸው። ለቤት ውሻ ምን ይመክራሉ ስላቸው፣ "እግሯን እዪ" አሉኝ። "ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ጣቶቿን ከፍተሽ በረዶ እንዳልተጠረቀመ፣ ቆዳዋ እንዳልተሰነጠቀ እዪ። አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላው ቡችላ ሸክም አታስጎትቺ። ስትጨርሺ ደግሞ ገና ልትሮጥ እየፈለገች እያለ አቁሚ፤ ነገ በጉጉት ትመጣለች።" የመጨረሻውን ምክር ከሁሉ በላይ ይዤዋለሁ።

ስንመለስ ዳማን ይዤ በ61 ቁጥር መንገድ ቢቨር ቤይ ላይ ቆምን። ጆን ቤርግሪስ እ.ኤ.አ. በ1910 ሞቶ የተቀበረው በዚህች ትንሽ መንደር ነው። ውሻና ሰው አብረው የሠሩትን ሥራ የሚያከብር ሰው በዚያ ሲያልፍ ይቁም።

በሙቀቱ ወራት ሥራው ይቀየራል። ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በላይ፣ በተለይ አየሩ ሲረጥብ፣ ሃስኪን ማስጎተት ተገቢ አይደለም። ያኔ ጎህ ሳይቀድ የሐይቅ ዳር ጉዞ፣ ቤት ውስጥ የተደበቀ ምግብ በማሽተት ፍለጋ፣ በአጥር የተከለለ የውሻ ሜዳ። ካልተከለለ ሜዳ ላይ ግን ገመዷን አልፈታም፤ ሃስኪ ጠረን ከተከተለ ስሙን ብትጠሩት አይመለስም።

የገልፍ አገሮች ውስጥ ያላችሁ ወገኖቼ ይህን ውሻ በቪላ ግቢ ሲሸጥ ታያላችሁ፤ ውበቱ ያማልላል። በ40 ዲግሪ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ኤር ኮንዲሽነር ሥር የሚውል ሃስኪ ግን የተፈጠረበትን ሥራ አያገኝም፤ እባካችሁ አትግዙት። ሚኒሶታ፣ ካልጋሪ፣ ኤድመንተን፣ ስቶክሆልም ያላችሁና ሃስኪ ያሳደጋችሁ ደግሞ ሃርነስ ግዙለት፤ ከአሻንጉሊትና ከልብስ ይቅደም። የቤርግሪስን ውድድር ማየት ለምትፈልጉ፣ የሚደረገው በጃንዋሪ መጨረሻ፣ ከጥምቀት አንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በረዶ በመጥፋቱ ተሰርዟልና መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት መካሄዱን አረጋግጡ።