አዲስ አበባን በማንኪያ

ከጥርስ ሐኪም ቤት ወጥተው ቦሌ መንገድ ዳር ቆመዋል እንበል። ግማሽ ፊትዎ ደንዝዟል፣ በእጅዎ የመድኃኒት ከረጢት አለ፣ ከየአቅጣጫው የጥብስ ሽታ ይመጣል። መንጋጋዎ ውስጥ የተቀበረችው የታይታኒየም ብሎን ገና እንግዳ ናት። ከአጥንቱ ጋር ተዋህዳ እውነተኛ ሥር እስክትሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ትፈልጋለች። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በማኘክ ብዛት ከተነቃነቀች አጥንቱ አይይዛትም፤ ያን ሁሉ ገንዘብና ሕመም ይዛ ትወጣለች። ስለዚህ ለአንድና ሁለት ሳምንት አዲስ አበባን የሚበሏት በማንኪያ ነው። ደግነቱ ለማንኪያ የምትመች ከተማ ናት።

የነገሩ መነሻ ጥንቸል ነው ቢባሉ ያምናሉ? ስዊድናዊው ተመራማሪ ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአጥንትን ፈውስ ለማጥናት ጥንቸል እግር ውስጥ የታይታኒየም መሣሪያ አስገብቶ ነበር። ጥናቱ አልቆ ሊያወጣው ቢል አጥንቱ አልለቅም አለው። በ1965 የመጀመሪያው ሰው በዚያው መንገድ ጥርስ ተተከለለት።

ዛሬ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የሚመጣ ዘመድ የጥርስ ቀጠሮውን በሠርግና በክርስትና መካከል ሲሸጉጥ ማየት የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ያለ እንግዳ ካለብዎት ቀጠሮው በመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ግብዣው ደግሞ ወደ መጨረሻው እንዲሆን ያግባቡት። ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ እሱን አውሮፕላን ላይ ሆኖ ማሳየት አይቻልም።

የመጀመሪያው ቀን የጁስ ቤት ቀን ነው። የአዲስ አበባ አቮካዶ ጁስ መጠጥ ይባል እንጂ ምግብ ነው፤ ማንኪያ ቢያቆሙበት ይቆማል። በብርጭቆው ውስጥ አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ተደራርበው የሚመጡበትን ስፕሪስም ማዘዝ ይችላሉ። ሁለት ነገር ብቻ አስቀድመው ይናገሩ። አንደኛ፣ ሎሚ ይቅር፤ ቁስሉን ያቃጥላል። ሁለተኛ፣ ስትሮ አይምጣ። በስትሮ ሲመጡ አፍ ውስጥ የሚፈጠረው ስበት ቁስሉን የሸፈነውን የረጋ ደም ሊነቅለው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ቀዝቀዝ ያለ ሁሉ ወዳጅዎ ነው። ቡናው እንኳ ለዛሬ ይቅር፣ ነገም ለብ ብሎ ይምጣ። ጠላና ጠጅ ከነጭራሹ አይታሰቡም፤ ካማረዎት ያልተጠነሰሰ ብርዝ ይጠጡ።

በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደል ማለት ሲጀምር ሰው ልኮ ከማስገዛት ራስዎ ሾላ ገበያ ቢወርዱ ይሻላል። ከቤት መዋልም ይሰለቻል። የቅቤውና የማሩ ሽታ ከሩቅ ይቀበልዎታል። እዚያም ሆነ መርካቶ ከቆጮ ሻጮች ዘንድ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነጭ ነገር ያገኛሉ፤ ቡላ ነው። እንሰቱ ተፍቆ ሲጨመቅ ከሚወጣው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ንጹሕ ዱቄት ማለት ነው። እንደ እኔ ከሆነ ለታመመ ድድ ከቡላ ገንፎ የሚበልጥ በአገሩ የለም። የገብስ ገንፎ ደኅና ነው፣ ግን ክብደት አለው፤ አንዳንዴም የዱቄቱ ሻካራነት ስፌት ላይ ይሰማል። ቡላ ግን ሲበስል ነጭነቱን ትቶ ያንጸባርቃል፣ ምላስ ላይ ሲያርፍ ጥርስ አይጠይቅም፣ በራሱ ይንሸራተታል። መሐሉ ላይ የሚጎደጎደው ጉድጓድ ግን በበርበሬ ፈንታ ቅቤ ብቻ ይግባበት፤ ዳር ዳሩን እርጎ ይክበበው። አንድ ጉድለት አለው። ቡላ ኃይል ሰጪ እንጂ ገንቢ ምግብ አይደለም፤ ቁስል ደግሞ እንዲድን ፕሮቲን ይፈልጋል። ስለዚህ በውኃ ፋንታ በወተት ያሠሩት፣ ወይም ጎኑ ላይ የተመታ እንቁላል ለስለስ አድርገው ይጨምሩበት። ወተቱ የተፈላ፣ እርጎውም ከተፈላ ወተት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። አንዳንድ መድኃኒቶች ከወተት ጋር ስለማይስማሙ የታዘዘልዎትን ስም ለፋርማሲው አሳይተው ይጠይቁ።

ከሾላ ሲመለሱ አጃም ይያዙ። ማታ ማታ የአጃ አጥሚት በቅቤና በማር ሆኖ ሲቀርብልዎ ጎረቤት ገባ ብሎ «ማን ወለደ?» ማለቱ አይቀርም። አራስ ቤት የሚበላው ሁሉ ለእርስዎም ሆነ፤ ምክንያቱም ያው ነው። የደከመን ሰውነት ሳያለፉ ማሳደር የእናቶቻችን የቆየ ሙያ ነው። ለብ ሲል ይጠጡት እንጂ ሲጨስ አይሁን።

በጾም ወቅት ከሆነ አይጨነቁ። የሱፍ ፍትፍት አለ። ሱፉ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦና ተጠልሎ በወተት መልክ ይወጣል፤ እንጀራው በዚያ ውስጥ እስኪሟሟ ይርሳል። ቃሪያውን ያስቀሩት። ተልባም እንዲሁ ተጠልሎ ይሁን፤ ፍሬው ስፌት ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ሌላ ሥራ ነው። ነጭ ሽሮ ቀጠን ብሎ፣ በደንብ በረሰረሰ እንጀራ ቢበላ ደግሞ ፕሮቲኑንም ያሟላል። በርበሬና ሚጥሚጣ ድዱ እስኪዘጋ አይነኩ። ከበሉ በኋላ አፍዎን በጨው ውኃ ቀስ ብለው ያንሸራሽሩ፤ ከሕክምናው 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ማለቴ ነው፣ መጉመጥመጥም የለም።

አስቸጋሪው ግን ምግቡ አይደለም፤ ሰው ነው። አክስትዎ ቤት ተጠሩ እንበል። ዶሮው ቀርቧል፣ ክትፎው ተለውሷል፣ አክስትዎ ደግሞ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ዘርግተዋል። «ጥርሴን አስተክያለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «ይቺማ ለስላሳ ናት፣ በዚያኛው ጎን» ይልዎታል። ክትፎው በእርግጥ ለስላሳ ነው፣ ግን ጥሬ ሥጋና ሚጥሚጣ ለተሰፋ ድድ አይሆኑም። እኔ የማውቀው የሚሠራ ዘዴ አንድ ነው፤ ከመሄድዎ በፊት ስልክ ደውለው ምግብ ራስዎ ይዘዙ። «እማማ፣ የእርስዎ አልጫ ክክ አምሮኛል፣ እስኪረግፍ አብስሉልኝ» ያለ እንግዳ ይወደዳል እንጂ አይታማም። ጉርሻውም ይመጣል፤ የአልጫው ይሆናል። ትንሽ እንዲያደርጉት ግን አደራ ይበሉ፤ አፍ በሰፊው መከፈት ለስፌቱ አይበጀውም።

በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሙ ስፌቱን አይቶ ከፈቀደ ቁርስ ቤቶች ይከፈቱልዎታል። ፉል በእርጎ፣ ቃሪያ የሌለው እንቁላል ፍርፍር፣ በደንብ የበሰለ ቅንጬ በቅቤ፤ ሁሉንም በጤነኛው ጎን። ከዚያ አጥንቱ የለቀመው ዓሣ፣ ቀጥሎ የተፈጨ ሥጋ። ጥብሱ፣ ዳቦ ቆሎውና የገብስ ቆሎው ግን ብሎኗ ላይ ቋሚው ጥርስ ገብቶ ሐኪሙ «አሁን ብላ» እስኪል ድረስ በጎድጓዳ ሳህናቸው ውስጥ ሆነው ይጠብቁ።