ከቤር ሼቫ እስከ ጨው ባሕር፦ አንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ያስኬዳል?

ከቤር ሼቫ ተነሥቶ በዓራድ በኩል ወደ ጨው ባሕር የሚወርደውን መንገድ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በአውቶቡስ ሄደውበታል። እኛ እኅትና ወንድም ግን ይህን መንገድ በደንብ ያወቅነው በቤንዚን ልክ ነው።

እናታችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጨው ባሕር ገብተው ጥቂት ቆይተው ሲወጡ «ቀለል አለኝ» ይላሉ። ስለዚህ በወር ሁለት ጊዜ ልንወስዳቸው ቃል ገባንና ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለች ሱዙኪ ጂምኒ ገዛን። ትንሽ ናት፤ ሞተሯ 1.3 ሊትር፣ የነዳጅ ታንኳዋ 40 ሊትር ነው። አራቱንም ጎማ ስለምታሠራ ለሥራችንም ትሆናለች፤ በኔጌቭ ኮረኮንች እየሄድን ቤተሰቦችን እንጎበኛለንና። የሸጠልን ሰው «በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» አለን። የወር ወጪያችንንም በዚሁ ቁጥር ደለደልን።

የመጀመሪያው ጉዞ አርብ ዕለት ነበር። ቤር ሼቫ ከሚገኝ ማደያ ታንኳውን ሞላንና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ወደ ዜሮ መለስን። ዓራድን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ቤንዚን ለመቆጠብ ብለን ማርሹን ፈትተን በፎሌ ለቀቅናት። እናታችን ወንበሩን ጨብጠው «ልጆቼ፣ ይህ ሊማሊሞን ይመስላል፤ ልጓሙን ያዙ!» አሉ። ዓይን ቦቄቅ ታጥበው፣ እስከ መሳዳ መታጠፊያ ደርሰን ተራራውን አሳየናቸው። ሰዓቱ ግን ሄዶብን ነበር። ሰንበት ሳይገባ ቤት ለመድረስ ማዝጋኑን ከፍተን፣ ዳገቱን በኃይል እያስጓራን፣ ሜዳውን በ110 ተመለስን። ሰንበት ሳይገባ ደረስን፤ እዚያው ማደያ ስንሞላ ግን 186 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 18.6 ሊትር ጠጥታለች። በሊትር 10 ብቻ ማለት ነው።

በዚህ ስንከራከር እናታችን ሰሙ። «እኔን በወር አንድ ጊዜ ይበቃኛል፤ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ» አሉ። አፈርን። ጉዞውን ከመቀነሳችን በፊት ነዳጁን የበላው ምን እንደሆነ ለማወቅ ወሰንን።

አንደኛው ነገር አገሩ ራሱ ነው። ዓራድ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጨው ባሕር ደግሞ ከባሕር ወለል ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሲመለሱ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ 1,000 ሜትር መውጣት አለ። አራት ሰው ይዛ ይህን የምትወጣ መኪና ከሜዳው ይልቅ አብዝታ ብትጠጣ አይፈረድባትም። ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን በቤተ ሙከራ የተለካ ነው። የቀድሞው የአውሮፓ ፈተና 20 ደቂቃ ገደማ፣ 11 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ማዝጋንም አይከፈትበትም። ከ2017 ጀምሮ የተተካው አዲሱ ፈተና ለእውነቱ ይቀርባል፤ እሱም ቢሆን ዳገት የለበትም።

ሁለተኛው የእኛው ጥፋት ነው። ጂምኒ እንደ ሣጥን ቀጥ ያለች ናት። ከ90 ወደ 110 ስንጨምር የሚገፋን ነፋስ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ባዶውን ፖርቶመጋላም ጣሪያው ላይ ተሸክመን ነበር የሄድነው። የጎማው አየርም ጎድሎ ተገኘ።

ፎሌውም ቢሆን አልጠቀመንም። በዛሬዎቹ ሞተሮች፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርን ከቤንዚን መስጫው ካነሡ፣ ቁልቁለቱ ሞተሩን ስለሚያዞረው ቤንዚኑ ይቋረጣል። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ከዚህም የከፋው፣ ፍሬኑ ብቻውን ሸክሙን ተሸክሞ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ላይዝ ይችላል። ለጥቂት ጠብታ ብለን እናታችንን ለአደጋ አጋልጠን ነበር።

አራቱን ጎማ የሚያሠራውን ቁልፍ በተመለከተም አንድ ቃል፦ በእንዲህ ያለች መኪና ቁልፉ ለአሸዋና ለኮረኮንች ነው እንጂ ለደረቅ አስፋልት አይደለም። በአስፋልት ላይ ከረሱት መጠምዘዣው ላይ መሪው ይከብዳል፣ ቤንዚን ይባክናል፣ ማስተላለፊያውም ይጎዳል።

ሁለተኛውን ጉዞ ማክሰኞ አደረግነው። ፖርቶመጋላውን አወረድን፣ ጎማውን ነፋን፣ በማለዳ ተነሣን። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ወረድን፣ በሜዳው ከ90 አላለፍንም። ማዝጋኑን ግን ለእናታችን ስንል አልዘጋንም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ በዚያው 186 ኪሎ ሜትር 15.2 ሊትር ብቻ ወሰደች። በሊትር 12 ከጥቂት ማለት ነው። ሊትሩን በ7 ሸቀል ብናስበው በአንድ ጉዞ 24 ሸቀል ያህል ተረፈን። 14 አልደረስንም፤ በዚህ መንገድ የምንደርስም አይመስለንም። ስለዚህ የወር ድልድላችንን በ12 አስተካክለን፣ ሌላ ወጪ ቀንሰን፣ በወር ሁለቱን ጉዞ አጸናን።

መኪና ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቻችን፣ የወረቀቱን ቁጥር ይዛችሁ የብድር ውል አትፈርሙ። ታንኳውን ሙሉ፣ በለመዳችሁት መንገድ ሂዱ፣ እዚያው ማደያ መልሳችሁ ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ለሊትሩ አካፍሉ። የምትከፍሉት በዚያ ቁጥር ነው።

ለእናታችን ይህን ሁሉ ስናስረዳቸው ሳቁ። «በቅሎም እንዲሁ ናት፤ ለዳገቱ ገብስ፣ ለቁልቁለቱ ልጓም ትፈልጋለች» አሉ። አሁን ከባሕሩ ተነሥተን የዓራድን ዳገት በጀመርን ቁጥር፣ ከኋላ ወንበር ጉልበታቸውን እያሹ ይጠይቁናል፦ «ገብሷን እየበላች ነው?»

እየበላች ነው፤ በልክ።