የ40 ቆርቆሮ ቤት በአረካ

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ፣ በወራቤና በሆሳዕና አድርጋችሁ ወደ ወላይታ ስትጓዙ፣ ሶዶ ለመግባት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራችሁ አረካን ታገኛላችሁ። ብዙው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ ያልፋታል። እኛ ግን ባለፈው ጥር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር አንድ ሳምንት ከረምንባት። አማቴ ቤት ሊሠሩ ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ የሄድኩት ሐሳባቸውን ላስቀይር ነው። የጭቃ ቤት እንደሚያሠሩ ስሰማ ቅር አለኝ። ስልኬ ላይ ባለ አራት ክፍል የብሎኬት ቤት ዲዛይን ጭኜ ነበር። ማርኬቲንግ ስለምሠራ ይሁን እንጃ፣ መጀመሪያ የታየኝ ፎቶው ነው።

አማቴ ሥዕሉን አይተው አደነቁ። ከዚያ ይዘውኝ ወደ ጓሮ ወጡና ቤቱ የሚያርፍበትን ቦታ በእግራቸው ለኩልኝ። ሁለት ረድፍ እንሰት ሊነቀል ሆነ። ወላይታ መሬት የጠበበበት፣ ሰው የበዛበት አገር ነው። እንሰት ደግሞ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ሌላው ሰብል ያነሰ ዕለት ቤተሰቡን የሚያቆመው እሱ ነው። አረካ ውስጥ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል እንሰት ላይ መሥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

«ልጄ፣ ቤቱ ጓሮዬን ከበላው እኔ ምን እበላለሁ?» አሉኝ።

ማታ ከአናጺው ጋር ሒሳብ ተቀመጥን። በብሎኬት ብንጀምር ያለን ብር ግድግዳው ላይ ያልቃል፤ ጣሪያው ለከርሞ ይተርፋል። የበልግ ዝናብ ግን መጋቢት ላይ ይደርሳል። እኔ በካሬ ሜትር ሳወራ አናጺው በቆርቆሮ ይመልስልኛል፤ እዚያ ቤት የሚለካው በጣሪያው ነው። በመጨረሻ የ40 ቆርቆሮ ቤት ተባለ፤ እንሰቱም ሳይነካ ቀረ።

ብሩ የት እንደሚውል ያስተማረኝም እሱ ነው። የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው አለኝ፤ አፈር ውስጥ የተቀበረ ቋሚ በእርጥበትና በምስጥ ይበላል። ስለዚህ ሲሚንቶው በሙሉ ለድንጋይ መሠረቱ ዋለ። ባህር ዛፉ ተልጦ ደርቆ፣ ታችኛው ጫፉ የተቃጠለ ዘይት ተቀባ። ዝናብ ግድግዳውን እንዳይመታ የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ ረዘም ተደረገ። ግድግዳውን በሲሚንቶ ለመለሰን ቸኩዬ ነበር፤ ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ የተለሰነ ይላቀቃል ብሎ ከለከለኝ።

ልጆቼ ከጉዞው ሁሉ የሚያወሩት ስለ ጭቃው ነው። የጤፍ ጭድ ተነስንሶበት፣ ጎረቤት ሁሉ በባዶ እግሩ ሲረግጠው እነሱም ገቡበት። እንዲቦካ ለቀናት ይተዋል፣ እንደገና ይረገጣል። የስድስት ዓመቷ ልጄ እስከ ጉልበቷ ሰጥማ «ይሄ የኛ ግድግዳ ነው?» ስትል አያቷ ሳቁ።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይ ነን። ቤት ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ኮንዶሚኒየም ነው። እዚያም ቢሆን ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የ20/80 ቤቶች ውስጣቸው ሳያልቅ ለባለ ዕጣው ይሰጡ ነበር፤ ማስጨረሱ የገዢው ነው። አማቴም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ ምን ቀድሞ እንደሚሠራና ምን እንደሚቆይ የወሰኑት ራሳቸው መሆናቸው ነው። መሠረትና ጣሪያ ቀደሙ፤ ወለል፣ ቀለምና ኮርኒስ ቆዩ። ሥዕሌን ከስልኬ አጠፋሁት ብላችሁ እዋሻለሁ፤ አሁንም አለ።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ደወሉልን። ገብተውበታል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ስለነበር ከሚሉት ግማሹን አልሰማነውም። ባለቤቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ «እማዬ፣ የኮርኒሱን በግንቦት እንልካለን!» እያለች ትጮህ ነበር።