ቅዳሜ ጠዋት ኮኒየርስ የሚሄድ አለ?

ለአትላንታ ሐበሻ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሜ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የለቅሶ። ከዚያ የተረፈችውን ሰዓት ሥራ ይወስዳታል። ስለዚህ «ኑ ቅዳሜ ፈረስ እንይ» ስል ግማሾቻችሁ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። «እሱ የሀብታም ነጭ ጨዋታ ነው» የሚለው መልስም ከወዲሁ ይታየኛል። ሳቁ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከመሀል ከተማ በአይ ትዌንቲ ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትነዱ ኮኒየርስ ትደርሳላችሁ። እዚያ ያለው ጆርጂያ ኢንተርናሽናል ሆርስ ፓርክ ለአትላንታው ኦሊምፒክ ተብሎ የተሠራ ነው። ዘመኑ 1988 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ። ያን ሰሞን የኛ ሰው ዓይኑን ከቴሌቪዥን አልነቀለም። ሐምሌ 21 ፋጡማ ሮባ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች፤ በማግስቱ ኃይሌ 10 ሺህ ሜትሩን ወሰደ። የስታዲየሙ መሮጫ ድርቅ ያለ ስለነበር የኃይሌ እግር ተልጦ ከ5 ሺህ ሜትሩ መቅረቱንም የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ኮኒየርስ ላይ ደግሞ የሚታሰብለት የፈረስ እግርና ሳንባ ነበር። የጆርጂያ የሐምሌ ሙቀት ፈረሶቹን ይጎዳል ተብሎ ስለተፈራ ባለሙያዎች አስቀድመው አጥንተው፣ የርቀቱን ፈተና አሳጥረው፣ ተጨማሪ ማረፊያ አስገብተው፣ ጉም የመሰለ ውኃ የሚረጩ ትላልቅ ማራገቢያዎች አቁመው ፈረሶቹን ሲያቀዘቅዙ ሰነበቱ።

ከኛ ወገን እዚያ ሜዳ ላይ ኮርቻ የተቆናጠጠ አልነበረም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው፤ ያን ዓመት ደግሞ የአውስትራሊያ የኳራንቲን ሕግ የውጭ ፈረስ አላስገባም ብሎ የፈረስ ውድድሩ ለብቻው ስቶክሆልም ላይ ተደረገ። የኛ ልጆች ሯጭና ብስክሌተኛ ሆነው ሲሄዱ ፈረሱ በሌላ አህጉር ነበር ማለት ነው። ይህ የደረሰው እንግዲህ ንጉሡንና የጦር አለቃውን በፈረሱ ስም በሚጠራ ሕዝብ ላይ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ እንኳ ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። አዲስ አበባ ላይ «ባልደራስ ውረድ» ስንል የምንወርደው የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች ሲያድሩበት በነበረ ሰፈር ነው። ሜዳውም ይኸው ፈረሱም ይኸው እያልን ስንተርት ኖረን፣ ሜዳውም ፈረሱም እደጃችን ሲሆን «የኛ አይደለም» ማለት ከየት እንዳመጣነው አላውቅም።

ዛሬ ኮኒየርስ ላይም ሆነ በሰሜን በኩል አልፋሬታ ባለው የዊልስ ፓርክ የፈረስ ማዕከል ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ቅዳሜና እሑድ አንድ ነገር አይጠፋም። ለጀማሪ ልጆች የሚደረግ የልምምድ ትርኢት አለ፤ የዝላይ ውድድር አለ፤ ድሬሳዥ አለ። ክሊኒክ የሚሉት ደግሞ ሕክምና እንዳይመስላችሁ፤ ስም ያለው አሠልጣኝ ከሌላ ግዛት መጥቶ አንድ ሁለት ቀን የሚያስተምርበት ነው። ድሬሳዥ ለማያውቅ ሰው አሰልቺ ነው፣ እውነቱን ልናገር። 60 በ20 ሜትር በሆነ ሜዳ ዳር ዳር ፊደል ተተክሎ፣ ፈረስና ሰው በፊደሎቹ መካከል ሲዞሩ፣ ሲቆሙ፣ ሲሰግዱ ታያላችሁ፤ ዳኛው ለእያንዳንዷ እንቅስቃሴ ከዜሮ እስከ 10 ይሰጣል። እኔ እዚያ ቡና ፍለጋ እሄዳለሁ።

ዝላዩ ግን ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ በጀማሪዎቹ ክፍል ትወዳደራለች፤ አጣናዎቹ በመስቀል ቅርጽ ተጋድመው የመሐላቸው ከፍታ ከ45 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥበት ነው። ከውድድሩ በፊት ልጆቹ ያለ ፈረስ ሜዳው ውስጥ ገብተው አንገታቸውን ደፍተው ሲራመዱ ዕቃ የጠፋባቸው ነው የሚመስሉት። ለካ እየቆጠሩ ነው። የፈረስ አንድ የግልቢያ ርምጃ 12 ጫማ ተብሎ ይያዛል፤ ልጆቹ ባለ 3 ጫማ ርምጃ መራመድ ይለማመዳሉ፤ አራቱ የነሱ የፈረሱን አንድ ይሆናል። ከአንዱ መሰናክል ጀርባ ተነሥተው ሁለት ርምጃ ለማረፊያ ይለቃሉ፣ ከዚያ በአራት በአራት ይቆጥራሉ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ለመነሻ ይተዋሉ። በሁለቱ መሰናክሎች መካከል 60 ጫማ ካለ አራት የፈረስ ርምጃ ነው። ልጅቷ ይህን በጣቷ እየቆጠረች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ አሠልጣኟን «አምስት ብትረግጥብኝስ?» ብላ ስትጠይቅ ሰማኋት። የሒሳብ የቤት ሥራ አልሠራም ብላ ማታ እናቷን ያስለቀሰች ልጅ ናት። አጣና ከወደቀ 4 የቅጣት ነጥብ ነው፤ ፈረሱ እምቢ ቢልም እንዲሁ።

አባቴ ሊጠይቁን ከአገር ቤት መጥተው ነበርና አብረውን ሄዱ። አባቴ የአዊ ሰው ናቸው፤ አንከሻ ተወልደው እንጅባራ ያደጉ፤ ፈረስ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት ኮቴውን ነው። ገና ከመኪና ሳይወርዱ የዝንብ መከላከያ መረብ ፊቱ ላይ የታሰረለት ፈረስ አዩና ደነገጡ።

«ይኼ ፈረስ ታውሯል እንዴ?»

«አይ አባባ፣ ዝንብ እንዳይነካው ነው።»

«ታዲያ ጋማና ጭራ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?»

መልስ አልነበረኝም። ጋማውማ ያን ቀን ሥራ ላይ አልነበረም፤ ከንጋት በፊት በሚነሡ ሴቶች በቀጫጭኑ ተሠርቶ ተጠቅልሎ ነበር። በነገራችን ላይ ለትልልቅ ውድድሮች ጋማ መሥራት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ በየፈረሱ ይከፈላል። ሹሩባ ቤት ያላችሁ እኅቶቼ ልብ በሉልኝ። ደንበኛው እንደ ሰው «ጠበቀብኝ» አይልም፣ ይራገጣል እንጂ።

አባቴን የበለጠ ያስገረማቸው ቁመቱ ነው። እዚህ 147 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያልደረሰ ፈረስ ፖኒ ይባላል። አብዛኛው የሀገራችን ፈረስ ከዚያ በታች ስለሆነ የአድዋ ዘማች ፈረስ ዛሬ እዚህ ቢመጣ ከልጆች ጋር ነበር የሚመዘገበው። ለነገሩ መምጣቱም ቀላል አይደለም፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ካለበት አገር የተነሣ ፈረስ አሜሪካ ሲገባ 60 ቀን ኳራንቲን ይጠብቀዋል። እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ ያለው ፈረስ እንኳ የኮጊንስ የደም ምርመራ ወረቀት ሳይኖረው ትርኢት ሜዳ አይገባም። የሰው ፓስፖርት እድሳት ካስመረራችሁ ፈረስ አትሁኑ።

ልጅቷ ስድስተኛ ወጥታ አረንጓዴ ሪባን ተሰጣት። እዚህ አገር አንደኛ ሰማያዊ ነው፣ ሁለተኛ ቀይ፣ ሦስተኛ ቢጫ፤ አረንጓዴ ስድስተኛ ነው። አባቴ ግን አረንጓዴ ከሁሉ የበላይ መስሏቸው መረቁ፤ ማንም አላረማቸውም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ የጠየቁኝ ነገር ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። «ይኼ ሁሉ ባለፈረስ ማኅበሩ የማን ነው? ሊቀመንበራቸውስ ማን ነው?» አሉ። ማኅበር የለም፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይመዘገባል፣ ይከፍላል፣ ቁጥር ጀርባው ላይ ይለጥፋል፣ ጨርሶ ፈረሱን ጭኖ ቤቱ ይሄዳል አልኳቸው። ክለብና ፌዴሬሽን መኖሩን ለማስረዳት ሞከርኩ። «ሰው ሲሞትባቸውስ?» አሉ። ዝም አልኩ።

የአባቴን ጥያቄ ለመረዳት ጥር 23 እንጅባራን ማየት ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረስ በአድዋ የሠራውን ሥራ ለመዘከር፣ በሺህ የሚቆጠር ፈረስ በየግላሱና በየጌጡ አምሮ ይሰለፋል፤ ግልቢያ አለ፣ ጉግስ አለ፣ ሜዳው በአቧራና በሆታ ይሞላል። ቴሌቪዥን የሚያሳየን ያንን ቀን ብቻ ነው። ማኅበሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። አባሉ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የተቸገረ ይረዳዳሉ፣ ባለፈረስ ሲሞት ፈረሰኛው ተሰብስቦ ያለቅሰዋል። ለአባቴ ፈረስ ያለ ማኅበር፣ ማኅበር ያለ ለቅሶ የሚታሰብ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ከአባቴ ጋር ተከራክረናል። እንጅባራ ላይ ኮርቻ ላይ ያለው በብዛት ወንድ ነው። ኮኒየርስ ላይ ካየናቸው ልጆች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በኦሊምፒክም ቢሆን በፈረስ ስፖርት ወንድና ሴት በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሚዛን ይወዳደራሉ። «የልጅ ልጅዎ እንጅባራ ብትወለድ ኖሮ ማን ፈረስ ላይ ያወጣት ነበር?» ስላቸው መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ስለዚህ ከአገር ቤት መምጣት ያለበት ሁሉም ነገር ነው አልልም። የምመኘው ማኅበሩን ነው።

ምክንያቱም ውድ ነው የምትሉት ልክ ነው። ትምህርቱ ይከፈላል፣ የውድድር መመዝገቢያው ይከፈላል፣ ደረጃውን የጠበቀ የራስ ቁርና ቦት ይገዛል፤ ፈረስ ያለው ደግሞ በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ለኮቴ ሠሪ፣ በየጊዜው ለሐኪም፣ በየወሩ ለጋጣና ለድርቆሽ ይከፍላል። ለአንድ ቤተሰብ አይቀመስም። ግን እዚህ አገር የሌላውን ፈረስ በከፊል መከራየት የሚሉት አሠራር አለ፤ የወሩን ወጪ ከፊል ትከፍላላችሁ፣ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ልጃችሁ ትጋልባለች። ይህ ለዕቁብተኛ ሕዝብ እንግዳ ነው? ባለፈረሱ ከተስማማ ሦስት አራት ቤተሰብ ሆኖ አንድ ፈረስ መያዝ እኮ እኛ በየሰፈሩ በዕቁብ መኪና ስንገዛ ከኖርንበት አይከብድም። ክላርክስተን ላይ ለቅሶ ሲሆን በአንድ ሌሊት ገንዘብ የሚሰበስብ ዕድር እያለን ልጆቻችንን በጋራ ኮርቻ ላይ ማውጣት ያቅተናል ብዬ አላምንም።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናቶች። ከተማው ውስጥ ቻስቴይን ሆርስ ፓርክ የሚባል አለ፤ የአካልም ሆነ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸው ልጆች በባለሙያ እየታገዙ ፈረስ የሚጋልቡበት። በማኅበረሰባችን ቤት ውስጥ የምናቆያቸው፣ ክርስትናና ሠርግ የማንወስዳቸው ልጆች እንዳሉ እናውቃለን። ስማቸውን አንጠራም እንጂ የማን ቤት እንዳሉ እንኳ እናውቃለን። እግሩ መሬት ላይ እንደልቡ የማይታዘዝለት ልጅ ፈረስ ላይ ሲወጣ የፈረሱ አረማመድ ወገቡን እንደሚራመድ ሰው ያንቀሳቅሰዋል። ደውላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያስከፍልም።

«የነጭ ጨዋታ ነው» ለምትሉኝ ደግሞ ነሐሴ አካባቢ ኮኒየርስ የሚመጣውን የቢል ፒኬት ሮዲዮ እዩ። በ1984 እ.ኤ.አ. ሉ ቫሶን የጀመረው የጥቁር ፈረሰኞች ሮዲዮ ነው። ስሙ የተሰጠበት ቢል ፒኬት የቴክሳስ ጥቁር ካውቦይ ነበር፤ ከፈረሱ ላይ ዘሎ የወይፈኑን ቀንድ ይዞ፣ ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ ይጥለው ነበር። አባቴ ይህን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አሜሪካ ጥሩ ነገር ተናገሩ።

በሉ እንግዲህ። በአካባቢው የሚደረጉት ትንንሽ ትርኢቶች ለተመልካች በብዛት ነጻ ናቸው። ክሊኒኩንም ያለ ፈረስ ቁጭ ብሎ ለማዳመጥ ክፍያው ትንሽ ነው። ልጅ ያላችሁ ደግሞ አዘጋጆቹን «በበጎ ፈቃድ እናግዝ» በሏቸው፤ የወደቀ አጣና የሚመልስ፣ በር የሚከፍት፣ ከዳኛው አጠገብ ተቀምጦ ነጥብ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ይፈልጋሉ፣ ከተመልካች ወንበር ይልቅ እዚያ ብዙ ትማራላችሁ። የምትመጡ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ መኪናዬ ለአራት ሰው ቦታ አለው፣ ከክላርክስተን እነሣለሁ። የተዘጋ ጫማ አድርጉ። ነጠላውን መኪና ውስጥ ተዉት፤ ነፋስ ሲያውለበልበው ፈረስ ይደነብራል። ጃንጥላም ከሜዳው አጥር አጠገብ አትክፈቱ። ለፈረሱ ካሮት ይዛችሁ ከመጣችሁ መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ።