የኋላው በር ማጠፊያ

ወንድሜ ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ ነበር። አንድ ጊዜ በመጋቢት፣ አንድ ጊዜ በግንቦት፣ ሦስተኛውን ሰኔ ሊያልቅ ሲል፤ ዘመኑ 2014 ዓ.ም. ነው። ወራቱን የማስታውሳቸው አእምሮዬ ብሩህ ሆኖ ሳይሆን በደብተር ስላሰፈርኳቸው ነው። ቀን ቀን በባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም ቢጤ የምሞክር ሰው ነኝና ደብተር አይለየኝም። ያኛው ደብተር የሚኒባሳችን የገቢና የወጪ መዝገብ ነው። «በይደር» ባልኩት ገጽ ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ «የኋላ በር ማጠፊያ» ይላል። ከጎኑ ሦስት ጊዜ «ለሚቀጥለው ወር» ተብሎ ተጽፏል።

ሚኒባሷ ሕዝቡ «ዶልፊን» የሚላት ቶዮታ ሃይኤስ ናት። በ2011 ዓ.ም. ግማሹን ዋጋ እኔ በብድር፣ ግማሹን እርሱ ባጠራቀመው ገንዘብ ከፍለን ገዛናት። እርሱ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትሩን እየተመላለሰ ይነዳታል፤ እኔ እዚያው ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ሒሳቧን እይዛለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ የመኪና ረዳት ሆነ። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት እርሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ በለቀመው ሳንቲም ነው። ይህን ሁሉ የማወራው ገንዘቡን የከለከልኩት ማንን እንደሆነ አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው።

የዚህች መኪና የኋላ በር ወደ ጎን አይከፈትም፤ ሽቅብ ይነሣል። ላሜራውን፣ ሰፊውን መስተዋት፣ መቆለፊያውን፣ ያን ሁሉ ጓዝ ተሸክመው የሚውሉት ጣሪያው ጠርዝ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ማጠፊያዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከመዳፍ አይበልጡም። በሩ ሲነሣ ደግሞ በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት ዘንጎች እየገፉ ያግዙታል። በዘንጎቹ ውስጥ በኃይል የታመቀ ናይትሮጂን አለ። ጋዝ ሲበርደው ግፊቱ ይቀንሳል፤ ዘመን ሲጫነው ደግሞ ቀስ በቀስ ያፈተልካል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የውርጭ ከተማ ናት። ስለዚህ የእኛ በር ጧት ጧት ተነሥቶ መቆም ያቅተው ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ይበረታል፤ አመሻሹ ላይ ይመለስበታል። ጋሼ «እንደ እናታችን ጉልበት ነው» ይል ነበር።

መፍትሔው ዱላ ነበር። የወይራ ዱላ፣ አንዱ ጫፍ በላስቲክ የተጠቀለለ። ተሳፋሪው ጆንያውን ወይም የብርድ ልብስ ጥቅሉን እስኪያስገባ ድረስ ዱላው በሩን ደግፎ ይቆማል። በዚህ አገር ጎዳና ላይ ስንት የኋላ በር በዱላ ቆሞ እንደሚውል ያየ ሁሉ ያውቃል። እኔም አይቼ ነበር፤ «ሁሉም እንደዚህ ነው» ለማለትም ረድቶኛል።

ነገሩ ግን ከዘንጎቹ አልፎ ነበር። የማጠፊያው ቡሎን የጣሪያውን ላሜራ አልፎ ከውስጥ ከተበየደ ዳዶ ጋር ይገናኛል። በሩ በዱላ እየተደገፈ፣ ነፋስ እያወዛወዘው፣ ሰው በጉልበት እያላተመው ሲኖር ቡሎኑ ሥር ያለው ቀለም ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ዝናብ ይገባል። ውኃው ከውስጥ ልባሱ በላይ ተኝቶ ላሜራውን ሲበላው ከውጭ የሚታየው እንደ ዝንብ ጠብታ ያለች ቡናማ ነጥብ ብቻ ነው። ጋሼ በሰኔ ያችን ነጥብ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አሳየኝ። ላሜራው እንደ እንጀራ ጠርዝ ተልመጠመጠ። «ይኼ አይቆይም» አለኝ። «ክረምቱ ይለፍ» አልኩት።

ሐምሌ 9 ቅዳሜ ነው፤ ዝናቡ ገና አላባራም። አንዲት እናት ዘንቢል እያስገቡ ነበር። እርሱ ዘንቢሉን በግራ እጁ ይዞላቸው ቀኝ እጁን ከበሩ መዝጊያ ጠርዝ ላይ አሳረፈ። የቀኙ ማጠፊያ ከነዳዶው ተነቅሎ ወጣ፤ በሩ ተጣመመ፤ ዱላው እንደ ሳሙና ተንሸራተተ። ሴትዮዋ አልተነኩም። የእርሱ ሁለት ጣቶች፣ የቀለበት ጣቱና ማርያም ጣቱ፣ ከብረቱና ከብረቱ መካከል ቀሩ።

እኔ የሰማሁት መስኮቴ ላይ ሆኜ ነው። የአንድ ደንበኛ ገንዘብ ቆጥሬ ጨርሼ ነበር፤ እንደገና ቆጠርኩት፤ ሦስተኛ ጊዜም ቆጠርኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። በግንቦት፣ ለሁለተኛ ጊዜ በጠየቀኝ ሳምንት፣ በከተማችን በተዘጋጀ የግጥም ምሽት ላይ አንድ ግጥም አንብቤ ነበር። ርእሱ «የወንድሜ እጅ» ነው። ሰው አጨበጨበ፤ አንዲት ልጅ እንባዋን ስትጠርግ አየሁ፤ ደስ አለኝ፤ ደስ ብሎኝም ወደ ቤት ስሄድ ያችን «ለሚቀጥለው ወር» የምትል መስመር ጽፌ ተኛሁ። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ብዕር። ግጥሙን እዚህ አላሰፍረውም። ቤቱ ይመታል፤ ጉድለቱ ቤት አለመምታቱ አልነበረም።

ጣቶቹ ታሽገው፣ እጁ ከአንገቱ በነጠላ ተንጠልጥሎ፣ ከአደጋው በኋላ በአሥረኛው ቀን አብረን አዲስ አበባ ወረድን። እንዲቀር ብለምነው «አንተ ማጠፊያና የሳጥን መዝጊያ አትለይም» አለኝ፤ እውነቱን ነው። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ፣ ከየመኪናው የተፈታ ዕቃ እንደ እህል ተቆልሎ የሚሸጥበት ሰፈር ገባን። ሻጩ ሦስት ጥንድ ማጠፊያ አወጣ። እኔ ቀለሙ ያልተላጠውን አነሣሁ። ጋሼ በግራ እጁ ተቀበለኝና አንዱን ክንፍ ይዞ ጆሮው ሥር ነቀነቀው፤ «ይናገራል» ብሎ መለሰው። የመሐል ዘንጉ ያለቀ ማጠፊያ ሲነቀንቁት ይንቃቃል። ያለቀውን ደግሞ ምንም ያህል ቢያጠብቁት በሩ በመንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይኖራል። ሦስተኛው ጥንድ ዝም አለ። ዝገት ነክቶት ነበር፤ ያስጠላል። የገዛነው እርሱን ነው። ቀኙና ግራው እንደ ጫማ የተለያዩ መሆናቸውንም ያን ቀን አወቅሁ።

ባቲላሜራው ደብረ ብርሃን ውስጥ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። እኛ ከመድረሳችን በፊት በሁለት ቀን ክፉውን ሥራ ጨርሰው ጠበቁን፤ ባትሪውን ፈትተው፣ መስተዋቱን ከብየዳው ፍንጣሪ እንዲተርፍ በረጠበ ጆንያ ሸፍነው፣ የጣሪያውን የውስጥ ልባስ ገልጠው፣ የበሰበሰውን ላሜራ ንጹሕ ብረት እስኪያገኙ ድረስ ቆርጠዋል። «የሞተውን ትተህ ብትበይድበት ብየዳው ከሞተ ጋር ተጋባ ማለት ነው» አሉኝ። በምትኩ ወፍራም ላሜራ ሞርደው በየዱበት፤ አዲስ ዳዶ ከኋላው አሰሩለት፤ አንቲረስት ቀቡት።

ማጠፊያው የተሰቀለው ሐምሌ 23 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ከሥራ ስወጣ ነው። ረዳታቸው አልመጣም ነበር። ጋሼ ባለ አንድ እጅ ነው። ስለዚህ በሩን የምይዘው እኔ ሆንኩ።

ሸሚዜን አውልቄ፣ ጫንቃዬ ላይ የታጠፈ ጆንያ አድርጌ ከበሩ ሥር ገባሁ። ሽማግሌው ከላይ በርጩማ ላይ ቆመው ቡሎኖቹን በሮንዴላ እያስገቡ በጣታቸው ብቻ አሰሩ። እኔ ሞኙ፣ በባለ 12 ቁልፍ አጥብቀው የሚገላግሉኝ መስሎኝ ነበር። «ገና ነው» አሉ። የማጠፊያው ቀዳዳ ከቡሎኑ ውፍረት ሆን ተብሎ ይሰፋል፤ በሩ ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ትንሽ እንዲሄድና ቦታውን ፈልጎ እንዲያገኝ። ቀድሞ የጠበቀ በር ጠማማ እንደሆነ ይቀራል። ዝቅ አድርገን ዘጋነው። የግራው ክፍተት ጣት ያስገባል፤ የቀኙ ወረቀት አያስገባም። ከፈትነው። ተሸከምኩ። ገፋ አደረጉት። ዘጋነው።

«ሳንቲም አለህ?» አሉኝ። የባንክ ሠራተኛ ሳንቲም አያጣም። ሦስት ባለ አንድ ብር ደራርበው በክፍተቱ ዙሪያ እንደ መለኪያ አስኬዷቸው፤ ሲጣበቁ ቆመው ቡሎን ያላላሉ፤ ሲወድቁ ያጠብቃሉ። ስንት ሺህ ሳንቲም በእጄ አልፏል፤ ለዚህ ሲሆን ግን አላየሁም ነበር።

አራተኛው ይሁን አምስተኛው ጊዜ፣ በሩ ጫንቃዬ ላይ እያለ፣ ጋሼ ከፊቴ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣

«ስለ እጄ ጽፈሃል አሉኝ» አለ።

ማን እንደነገረው አልጠየቅሁም። «ጽፌአለሁ፣ ጋሼ።»

«እስቲ በለው።»

የመጀመሪያው መስመር አፌ ላይ መጣ። እጁን ከዋርካ ሥር ጋር የሚያመሳስል መስመር ነው። የታሸገው እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። ፋሻው ጫፍ ላይ ትንሽ ቡናማ ነጥብ አለች፤ እንደዚያች እንደ ጣሪያዋ ነጥብ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«ረስቼዋለሁ» አልኩት።

«ደብተርህ ላይ የለም?»

«አለ።»

«እና ደብተርህ ላይ ያለውን መቼ ረስተህ ታውቃለህ?» አለና ሳቀ። ቂም ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ ቂም ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ከላይ ሽማግሌው፣ «አንተ ልጅ ዝቅ አትበል! ቡሎኑ ሸሸኝ!» ብለው ጮኹ። ቀና አልኩ። በደንብ ቀና አልኩ።

በመጨረሻ ሳንቲሞቹ ዙሪያውን ሳይወድቁም ሳይጣበቁም ሄዱ። ያኔ ብቻ ቁልፉን አንሥተው አንዱን ቡሎን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ እያፈራረቁ አጠበቁ። በየቡሎኑ ዙሪያ ሲሊኮን አደረጉ። አዲሶቹን የጋዝ ዘንጎች ሲሰቅሉ ቀጭኑ ክፍል በሩ ሲዘጋ ወደ ታች እንዲሆን አደረጉት፤ በውስጡ ያለችው ጥቂት ዘይት ማተሚያውን እንድታርስ ነው። የቀረውን ሲሠሩ አላየሁም፤ አንገቴን ማዞር አቅቶኝ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። በባልዲ ውኃ ደፍተው ውስጡን በእጃቸው ሲዳስሱና «ደረቅ» ሲሉ ሰማሁ።

ማጠፊያው፣ ዘንጉ፣ ብየዳውና ቀለሙ ተደምረው 6,800 ብር ፈጁ። በደብተሩ ላይ አሰፈርኩት። ከሥሩ ሕክምናውንና የተከራይ ሹፌሩን ደሞዝ መደመር ጀምሬ ተውኩት፤ ሙያዬ ነውና ውጤቱን ሳልጽፈውም አውቀዋለሁ።

ጋሼ መሪ የጨበጠው መስከረም 2015 ዓ.ም. ካለፈ በኋላ ነው። ማርያም ጣቱ ትታጠፋለች፤ የቀለበት ጣቱ ቀጥ ብላ ቀርታለች። ማርሽ ሲቀይር ያቺ ጣት ለብቻዋ ተነጥላ ወደ መስተዋቱ ታመለክታለች። ተሳፋሪ ሲጠይቀው «መንገድ ታሳየኛለች» ይላል። ለእኔ ግን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

በጥቅምት አንድ ማለዳ፣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፣ ወደ ሥራ ስሄድ በመናኸሪያው በኩል አለፍኩ። ጭነት ሊያስገባ የኋላውን በር ከፈተ። በዚያ ብርድ በሩ በአንድ ጣት ግፊት ሽቅብ ሄዶ ቆመ። ሰዎቹ ጆንያቸውን ያስገባሉ። እርሱ ግን ግራ እጁን ከበሩ ጠርዝ ሥር፣ ሳይነካው፣ እንደዘረጋ ቆየ።

ዱላውን ምን እንዳደረገው ጠየቅሁት። ከኋላ ወንበሩ ሥር እንዳለ ነገረኝ።

«ምን ያደርግልሃል አሁን?» አልኩት።

«ይኑር» አለኝ።