ወደ ቁልቢ በምድር ባቡር

የታኅሣሥ ገብርኤል ሊውል ጥቂት ቀን ሲቀረው ወደ ድሬዳዋ በባቡር ወረድሁ። ጣቢያው ለገሃር መሆኑ ቀርቶ በከተማው ዳርቻ ለቡ ላይ ስለ ሆነ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ ከባለ ታክሲ ጋር በዋጋ ተሟግቼ፣ ሠረገላው ውስጥ ስገባ ተሳላሚው ሁሉ ነጠላውን ለብሶ፣ ስንቁንና ስለቱን ታቅፎ ስፍራውን ይዞ ነበር። ሞጆና አዳማ መቼ እንዳለፉ አላስተዋልሁም፤ ዓይኔም ጆሮዬም ከፊቴ በተነሣው ጠብ ላይ ነበርና።

አንዲት መነኩሲት ለመልአኩ የተሳሉትን፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ከጎናቸው ባለው መቀመጫ ላይ አስተኝተውታል። የመቀመጫው ባለ ቍጥር ጎልማሳ መጥቶ «እማሆይ፣ ቦታው የእኔ ነውና ዕቃውን ከታች ያድርጉልኝ» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ይህ ስለት ነው እንጂ ዕቃ አይደለም፤ የገብርኤልን ገንዘብ ከእግር በታች አላኖርም» አሉት። «ታዲያ ስለቱ ቲኬት ቈርጧል?» አለ ጎልማሳው። በዚህ ጊዜ ሠረገላው ለሁለት ተከፍሎ ገሚሱ በሕግ፣ ገሚሱ በሃይማኖት ይከራከር ጀመር፤ ቲኬት ተቈጣጣሪውም መጥቶ ሁለቱንም ካየ በኋላ እንደ ጲላጦስ እጁን ታጥቦ አለፈ። በመጨረሻ ጎልማሳው ተቀመጠና ጃንጥላውን በጕልበቶቹ መካከል አቁሞ ያዘ። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነውና እማሆይ ራሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ለእርሱ ግን ቆሎ ይዘግኑለት ነበር። እኔ በሕጉ ወገን ነበርሁ፤ ዛሬም ነኝ።

መተሐራ ላይ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የሄደው የበሰቃ ሐይቅ ከፈንታሌ ሥር ከተዘረጋው ጥቁር ድንጋይ ጋር ሲገለጥ ሁሉም ዝም አለ። ከአዳማ ወዲህ ሐዲዱ ነጠላ ስለ ሆነ፣ ከጅቡቲ የሚወጣው ባለ ጭነት እስኪያልፍ በአንድ ምድረ በዳ ጣቢያ ቆምን፤ መስኮቱም አይከፈት፣ የሚሸጥም የለ፤ በድሮው ባቡር በመስኮት ፍሬ ይገዙ የነበሩ አንድ አዛውንት እያነሡ እየጣሉ አማረሩ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት ሐዲድ ሐረር እንዲገባ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣቱ ወጪውን ስላከበደው በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከሜዳው ላይ ቀረ፤ በዚያም አዲስ ሐረር የተባለች፣ ኋላም ድሬዳዋ የሆነች ከተማ በቀለች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያ ባቡር ከተማ የወለደ ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው ባለ ኤሌክትሪኩ ግን መንገደኛውን ከከተማው ውጭ አራግፎ ይሄዳል። ዋና ሥራው ጭነት መሆኑ ይገባኛል፤ የአገሪቱ ንግድ በጅቡቲ በኩል ነውና። ቢሆንም በደጁ የቆሙት ባለ መኪኖች እስከ ቁልቢ የጠየቁን ዋጋ ልግመኛ መንገደኛን ሃይማኖት ያስለውጣል።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ባሕረ ሐሳብ የማይጠይቁ፣ ቀናቸው የማይዛወር በዓላት ናቸው። ስለዚህ የባቡሩ ሹማምንት የሁለቱን በዓላት የጉዞ ሰሌዳ ከዓመት አስቀድመው እንዲያስታውቁ፣ ከጣቢያው እስከ ቁልቢ የሚያደርስ አውቶቡስም ከዚያው ቲኬት ጋር እንዲያያይዙልን በተሳላሚው ሁሉ ስም እለምናለሁ።